የአውራ ጣቷ ጣጣ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ። የማኅበራችንን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአራተኛው አንቀጽ ላይ «በመልእክት ሥር የአውራ ጣት ምልክት ማለት አንብቤያለሁ፣ ተቃውሞ የለኝም ማለት ነው» ብዬ ያሰፈርኩትም እኔው ነኝ። በዚህች በማትረባ ዓረፍተ ነገር ሁለት ልጆች ሊለያዩ ነበር።

ቫልትራውት እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ላይፕዚግ ውስጥ ትራም ነድቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ፕላግቪትስ ሰፈር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የራሳችን ሰርቨር አለን፤ መልእክቶቻችን ሁሉ የሚያልፉት በእሱ ነው። ድሬስደን ያሉት መሰሎቻችን የራሳቸው አላቸው፣ ግራትስ ያሉትም እንደዚሁ፤ ግን ልክ እንደ ፖስታ ቤቶች እርስ በርስ እንላላካለን። ማንም የማንም ጌታ አይደለም፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም አፍንጫቸውን አያስገቡብንም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ተሰብስበን እንጨቃጨቃለን። አንቱታ የሚባል ነገር የለም፤ በሰባ አንድ ዓመቴ የትናንቱ ልጅ ሁሉ «አንቺ» ይለኛል።

የሰርቨሩ አዛዥ ስቬንያ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ናት፣ ስትቆጣ ግን ምድር ቤቱ ይጠባታል። እኛ ጋ መልእክት ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ መክፈቻው በየሰዉ ስልክ ውስጥ ነው። እሱ ከጠፋ እንኳን ሌላ ሰው ባለቤቱም አያነበውም። ስቬንያ በየወሩ ለአዲስ አባላት ይህንኑ ታስተምራለች።

«የመክፈቻ ቁልፉን መጠባበቂያ ሳያስቀምጥ የሚኖር ሰው» ትላለች ጣቷን ቀስራ፣ «ጥርሱን ሳይቦርሽ የሚያድር ሰው ነው!»

ቲሎ የመጣው አንድ የመኸር ቀን፣ በስሕተት ነው። ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት እየገፋ ገባ።

«የብስክሌት ጥገናው እዚህ አይደለም እንዴ?»

«ጎረቤት ነው» አለችው ስቬንያ። እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየች። «ግን ስልክህ ከብስክሌትህ ይብሳል። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ክረምቱን ሙሉ አልተነሳም ብል ይቀለኛል። አናጢ ነው፤ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጆሮው ቶሎ የሚቀላ። ስለ እንጨት ረጃጅም መልእክት ይጽፍላታል፣ እሷም ፈገግ እያለች ታነባለች። እሱ ስታየው ያቀረቅራል፣ ሲያቀረቅር ታየዋለች። መዋደዳቸውን ከሁለቱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ታዲያ አንድ እሑድ ስቬንያ በሰፈራችን ቦይ ላይ ታንኳ ስትቀዝፍ ተገለበጠች። እሷ ወጣች፣ ስልኳ ሰመጠ። የመልእክቶቿ መክፈቻ ቁልፎችም አብረው ሰመጡ። መጠባበቂያ? የላትም! ጉድ በሉ! ሰውን ሁሉ ስታስጨንቅ የኖረችው ልጅ ለራሷ አላስቀመጠችም።

በማግስቱ አዲስ ስልክ ገዝታ ወደ መልእክቷ ገባች። ከቲሎ መልእክት መጣ፤ ግን በቦታው «ይህን መልእክት መክፈት አልተቻለም» የሚል ብቻ ነበር። የቲሎ ስልክ አዲሱን ስልኳን አላወቀውም። ላላወቀው ስልክ መክፈቻ እንዳይሰጥ አድርጋ ያስተካከለችለት ደግሞ ራሷ ናት። «አልተከፈተልኝም» ብትለው ጉዷ ይወጣል። «መቼም ስለ ጥድ ወይ ስለ ኦክ እንጨት ነው» ብላ አውራ ጣት አደረገችበትና አለፈችው።

ሐሙስ ቲሎ የፕለም ኬክ ይዞ መጣ። አሥራ ሦስት ሰዎች ነበርን። ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቅዳሜ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪል ከተማ እሄዳለሁ። ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ሥራ ሰጥተውኛል። ልሰናበታችሁ ብዬ ነው።»

ስቬንያ ሹካዋን አስቀመጠች። «ኪል? ለስንት ጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።» ግራ ገብቶት አያት። «ጽፌልሽ የለም እንዴ? አውራ ጣት አደረግሽበት እኮ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «አዎ... መልካም መንገድ» አለችና ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባች። ተከተልኳት። በማሽኑ ጩኸት መሃል እያለቀሰች ነበር። ሁሉንም ዘረገፈችልኝ።

«ታዲያ ውጪና ንገሪው!» አልኳት።

«በሁሉም ፊት? ባለፈው ሳምንት ነው እኮ ስለ ቁልፍ የጮህኩባቸው!»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬሽ ሊሄድ ነው!»

«ሰውዬዬ አይደለም።»

«አዎ፣ እንደዚህ ከሆንሽማ አይሆንም!»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወጣች። ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«ቁልፌ ጠፍቷል» አለች። «መጠባበቂያም አልነበረኝም።»

አንዱ «በሕግ አምላክ!» አለ። ቲሎ ግን የቀረውን ኬክ እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«እና... አላነበብሽውም?»

«አንድ ፊደል አላነበብኩም።»

«አውራ ጣቱስ?»

«አፍሬ ነው! ምን ነበር የጻፍከው? ንገረኝ።»

በዙሪያው ወዳለነው ሁሉ ተመለከተ። ጆሮው ቀላ። «እዚህ? ሰው ፊት? አይሆንም። ደግሜ ልላክልሽ።»

«ላከው!»

«አልችልም። ስልክሽ አልተረጋገጠም። ላልተረጋገጠ ስልክ አትላክ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እግዚኦ፣ ሁለት ግትሮች! ማረጋገጫው ደግሞ እንዲህ ነው፤ በሁለቱም ስልክ ላይ ሰባት ትንንሽ ሥዕሎች ይመጣሉ፣ ባለቤቶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ በአንድ ያስተያያሉ። ወንበር ስበው፣ ቲሎ ኬኩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ።

«ኤሊ።»

«ኤሊ።»

«ጃንጥላ።»

«ጃንጥላ።»

«ባቡር» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ።

«ባቡር» አለ በቀስታ።

እንጉዳይ መጣ፣ መልሕቅ መጣ፣ ደወል መጣ። ሰባተኛው ልብ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። አሳማ ሆነ።

«አሳማ» አላት፣ ዓይኗን እያየ።

«አሳማ» አለችው።

ይህን ቃል እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም። እኛ አገር ደግሞ አሳማ የመልካም ዕድል ነው፤ ለአዲስ ዓመት ማርዚፓን ከሚባል የለውዝ ጣፋጭ ተሠርቶ እንሰጣጣዋለን። ባንናገረውም ሁላችንም ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ላከላት። አነበበች። ኋላ እኔም አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «ስቬንያ፣ ኪል ሥራ አገኘሁ። እኔ ግን አንቺ ያለሽበት መሆን ነው የምፈልገው፤ እወድሻለሁ። ቅር ካለሽ እቀራለሁ። ተቃውሞ ከሌለሽ ግን እሄዳለሁ።»

ተቃውሞ ከሌለሽ! የእኔ አንቀጽ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስቬንያ ከስልኳ ቀና አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች።

«ተቃውሞ አለኝ» አለች። ከዚያ ብድግ ብላ ጮኸች፣ «ተቃውሞ አለኝ! በጣም ነው ያለኝ!»

ቲሎ ኬኩን ለማን እንዳቀበለ አያውቅም፤ እኔ ጭን ላይ ነው የተገኘው። ሲያቅፋት እግሯ ከመሬት ተነሳ።

ማዘን ያለባቸው ኪል ያሉት ጀልባ ሠሪዎች ናቸው፤ በማግስቱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። ዛሬ የስቬንያ መጠባበቂያ ቁልፍ በወረቀት ተጽፎ በቲሎ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ የቲሎም በእሷ።

እኔም ያን ቀን ቀሚሴ ላይ የፈሰሰውን ፕለም ጠራርጌ ሥራዬን ሠራሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ስቬንያ ተቃውሞ አቀረበች፤ ተቃውሞዋ ጸደቀ፤ አንቀጽ አራት ተሰርዟል» ብዬ ጻፍኩና ለሁሉም ላክሁ። ልማድ አይለቅ፣ ወዲያው አውራ ጣት ይዘንብ ጀመር። ከሁለት ሰዎች በቀር ሁሉም አደረጉ። የእነሱ እጅ ተያይዞ ነበር።