የዘሀራ ዘብ በአስካለ ጆሮ

ያን ቀንም እንደ ወትሮው ከሰማይ የወረደ አሮጌ ሳተላይት እየተፈጨ ነበር። ኮምቦልቻ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሌላው አገር ሰልችቶት ሰማይ ላይ የተወውን ታወርዳለች፣ ትፈጫለች። የወፍጮው ጩኸት ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ዘሀራ ግን ምንም አትሰማም። ሠራተኛው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ዘብ አለው። ዘብ የሚሏት ባቄላ የምታህል ለስላሳ ነገር ናት፤ በየሰዉ ጆሮ ልክ ትቀረጻለች፣ ጩኸት አታስገባም። የጓደኛም ድምፅ አታስገባም። ግራና ቀኟ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ባለቤቷ የገዛ ድምፁን ብቻ ይሰማል።

ቀኑን ሙሉ የራስን ድምፅ ብቻ መስማት ደግሞ ምን ኑሮ ነው? ዘሀራና አስካለ ፊት ለፊት ቆመው ብረት የሚለዩ ጓደኛሞች ናቸው። ግራ ግራቸውን ተለዋወጡ። የዘሀራ ዘብ አስካለ ጆሮ ገባች፣ የአስካለ ዘሀራ ጆሮ። በቃ፣ የአንዷ ድምፅ በሌላዋ ግራ ጆሮ ይሰማ ጀመር፤ ወሬው እስከ ማታ ሆነ። ማን ተፋታ፣ ማን አገባ፣ የአለቃቸው የንጉሤ ፀጉር ደግሞ ተገዝቶ የተለጠፈ መሆኑ። ሌላውም አየና ተለዋወጠ፤ ፋብሪካው በሙሉ የሰው ዘብ ሰክቶ ያማ ጀመር።

አንድ ጠዋት ዘሀራ "አንቺ፣ የጎረቤቴ የከድጃ ልጅ ሞተ አሉ" አለች።

አስካለ ኪኪኪ ብላ ሳቀች።

"ሞተ እኮ ነው የምልሽ።"

"ወይ አንቺ፣ ስታስቂኝ" አለች አስካለ፣ ብረቷን እየለየች።

ዘሀራ እጇም አልቆመ፣ ልቧም አልደነገጠ። እዚያ ቤት ብዙ የቆመ ሰው መደንገጥ ይረሳዋል። የአስካለን ጆሮ አየች። ዘቧ ላልታለች። የአስካለ ጆሮ ሰፊ ነው፤ የዘሀራ ደግሞ ጠባብ። የአስካለ ትልቋ ዘብ ዘሀራ ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብላለች፤ የዘሀራ ትንሿ ግን አስካለ ላይ ክፍተት ትታ፣ ያ ሁሉ ጩኸት በዚያ ሲገባ ከርሟል።

ምሳ ሰዓት እጇን ይዛ ጆሮ ወደምትመረምረው ወደ ሲስተር ጥሩዬ ወሰደቻት።

"ግራው ሄዷል፣ አይመለስም" አለች ሲስተሯ። "ቀኙ ደህና ነው። ሁለታችሁም የየራሳችሁን አድርጉ። የቀሩትንም ዛሬውኑ የየራሳቸውን አስመልሳቸዋለሁ።"

ውጭ ሲወጡ ዘሀራ በአስካለ ቀኝ በኩል ዞረች። "መስማት ያቆምሽው መቼ ነው?"

"ከክረምት ጀምሮ።"

"ታዲያ በምን ትስቂ ነበር?"

"አፍሽን እያየሁ። ወደ ጎን ሲሄድ ሐሜት ነው፣ እስቃለሁ።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርሽ ዘብሽን ትወስጂያለሽ። ከዚያ ማን ያወራኛል?" አለችና "እንግዲህ ቀኙን እንለዋወጣ" አለች።

ዘሀራ የአስካለን ዘብ በሻሿ ጫፍ ጠርጋ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። "ወላሂ አላደርገውም። ወሬ ምሳ ላይ ይበቃናል።" ከዚያ በደህናው ጆሮ የጠዋቱን ደገመችላት፤ የከድጃ ልጅ መሞቱን።

አስካለ ቆመች። "እኔ ሳቅኩ?"

"ሳቅሽ።"

ከሰዓት ሁለቱም የየራሳቸውን ሰክተው ቆሙ። ጭጭ። ዘሀራ አልከፋትም፣ ደስም አላላትም፤ ብረት ብቻ ለየች። በኋላ የማቀዝቀዣው ነፋስ የንጉሤን ፀጉር አንስቶ ማጓጓዣው ላይ ጣለው። ፀጉሩ ከሳተላይቱ ስብርባሪ ጋር በፊቷ አለፈ። ለማን ትንገር? ቀና ስትል አስካለ አፏን እያየች ነው።

ዘሀራ አፏን ወደ ጎን አደረገች።

የአስካለ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ሁሉ ጊዜ አፍ ማየት ብቻ ለሚበቃው ወሬ ኖሯል ጆሮ የከፈሉት።