ያልተቀረቀረው ወረቀት

ሙሉሰው የፊዚክስ መምህር ነው። ባልደረቦቹ «ቶማስ» ይሉታል፤ በዓይኑ ካላየና በእጁ ካልዳሰሰ አያምንምና። ሻይ ቤት ስኳር ጨምረንበታል ብለው ቢያቀርቡለት እንኳ አማስሎ፣ ቀምሶ ነው የሚያምነው። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሳያይና ሳይዳስስ አመነ። ለዚያች አንድ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጫል።

ፀዳ ከተማ በተከራየበት ግቢ፣ ከጎኑ ያለችውን ክፍል ዓይናዲስ የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ተከራየች። ሰንበትበት እስኪሉ ከእግዜር ይስጥልኝ አላለፉም። እሷ ሕፃናቱ ቀለም የሚቀቧቸውን የእንስሳት ሥዕሎች ቤቷ ባለች ትንሽ ፕሪንተር ታትማለች፤ የማሽኗ ጉርምርምታ በግድግዳው በኩል ይሰማዋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ይጀምርና ያቋርጣል፣ ይጀምርና ያቋርጣል። ቆይታ በሩን አንኳኳች፤ ጣቶቿ በቀለም ጠቋቁረዋል።

«ጎረቤት፣ ካላስቸገርሁህ አንድ ነገር ታይልኛለህ?» አለችው። «ወረቀት ተቀርቅሯል ይለኛል። ወረቀት ግን የለም። ገልብጬ ሁሉ አራገፍሁት።»

ሙሉሰው ፕሪንተር እንደማይገለበጥ፣ ቀለሙ ውስጡን እንደሚያበላሸው ያስረዳት ጀመር። ቆንጆ ሴት በር ላይ ቆማ ይህን መናገር ምን ይባላል? እሷ ግን ሳቀችና መንገዱን ለቀቀችለት።

መጀመሪያ ከሶኬቱ ነቀለው፤ ትንሽ አሳረፈው። የኋላውን ክዳን አውጥቶ በስልኩ መብራት ውስጡን አየ። የተቀደደ ወረቀት ቀርቶ ብጣሽ እንኳ የለም። ወረቀቱን የሚስቡትን ጎማዎች በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና ሰካው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። እንደገና «ፔፐር ጃም»፣ ወረቀት ተቀርቅሯል።

«አየህ? ይዋሻል» አለች።

«አይዋሽም። የተነገረውን ነው የሚናገረው። ማን እንደነገረው ነው መፈለግ ያለብን።»

ከጎማዎቹ ሥር አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ ምላስ አለች። ወረቀት ሲያልፍ ትተኛለች፣ ሲያልቅ ቀና ትላለች፤ ማሽኑ ወረቀት መኖሩን የሚያውቀው በእሷ ነው። ያች ምላስ ተኝታ ቀርታለች። ሥሯ የተወሸቀውን ነገር በመርፌ ጫፍ አወጣው፤ የኑግ ፍሬ ነበረች። እናቷ ከእንፍራንዝ የላከችላት ኑግ ከፕሪንተሩ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲወድቅ ማን ያየዋል?

ፍሬዋን መዳፏ ላይ አኖረላት። ሁለቱም ትንሽ ጊዜ አይተዋት ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቀድሞ የሸሸው የእሱ ዓይን ነው። ያን ቀን ማሽኑ መጀመሪያ ያተመው አንድ ዝሆን ነበር፤ ለድካምህ ብላ ሰጠችው። ቀለም ሳይቀባው ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ቢበላሽም ባይበላሽም ይገናኙ ነበር። አመሻሽ ላይ በአዘዞ መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። እሷ ታወራለች፤ እሱ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ ያለችው ነገር ማስረጃ አለው ወይ ብሎ ሲጠይቃት ትስቅበታለች። ወደዳት። እሷም ወደደችው፤ እሷማ አልደበቀችውም። ሽማግሌ መቼ ትልካለህ ብላ በግልጽ የጠየቀችው ራሷ ናት።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከሆኑ ጋብቻ የለም። ሙሉሰው አይከል ወዳለው አባቱ ቤት ወረደ። አባቱ የአገሩን ዘር ቆጣሪ አያ ኪዳነ ማርያምን አስጠሩ። ሽማግሌው የልጅቱን ወገኖች ስም ሰምተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ላይ ቆጠሩ።

«የሻው የሚባል አያት ላይ ትገናኛላችሁ» አሉ። «አምስተኛ ቤት ናችሁ። ሸጋ ልጅ ናት መሰል፣ ግን እኅትህ ናት።»

አባቱ ተነሥተው የሽማግሌውን ጉልበት ሳሙ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ቶማስ የሚባለው ሰው አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ማግስቱን ፀዳ ተመልሶ የሆነውን ነገራት።

ዓይናዲስ አላለቀሰችም። በሯን ተደገፈች።

«በእኛ በኩልስ ማን ተጠየቀ?» አለችው። «እንፍራንዝ የአባቴ አክስት እማሆይ ወለተሩፋኤል አሉ። የቤታችንን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። አብረን ሄደን እንጠይቃቸው።»

«የሽማግሌ ቃል እንዴት ብዬ ልፈትሽ? አባቴንስ ምን ልበለው?»

«ማሽኑ ሲናገር አላመንኸውም፤ ክዳኑን አውጥተህ አየህ። ለእኔ ሲሆን ከበደህ?»

እውነቱ እሱ ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱን ግን አክብሮት ብሎ ጠራው። ጠይቆ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ሳይጠይቅ ቢቀር ቢያንስ ምናልባት የምትለው ቃል ትቀርለታለች ብሎ አሰበ። ዓይናዲስ ብቻዋን ሄዳ መጠየቅ ትችል ነበር፤ ግን ለራሷ ጋብቻ ብቻዋን መሟገት አልፈለገችም። አብሯት እንዲቆም ነበር የፈለገችው። ሁዳዴን ሙሉ ጠበቀችው። እሱ በግቢው ሲያገኛት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ዕቃዋን ጭና ወደ ደብረ ታቦር ሄደች። ፕሪንተሩን በሩ ላይ ትታለት ነበር። በዓመቱ እዚያው ባንክ የሚሠራ ሰው እንዳገባች ሰማ።

ሙሉሰው አላገባም። አንድ ዓመት ለፈተና ቁጥጥር እንፍራንዝ ተመደበ። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲወጣ አንዲት መነኩሲት ከየት እንደመጣና የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። ሲነግራቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩት። እማሆይ ወለተሩፋኤል ነበሩ።

«አንተ ነህ? ያችን ልጅ ምነው ትተሃት ቀረህ?»

«ዘመድ ሆንን እማሆይ። በየሻው በኩል።»

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው ነገሩት። የዓይናዲስ ቅድመ አያት በክፉ ቀን ወላጆቹን አጥቶ የሻው ደጅ የተገኘ ሕፃን ነበር። የሻው አሳደገው፣ ስሙን ሰጠው፤ ዘሩን ማንም እንዳያነሣበት ቤተሰቡን አስማለ። አገሩ ሁሉ የየሻው ልጅ ሲል ኖረ፤ አያ ኪዳነ ማርያምም የሰሙትን ቆጠሩ። የሥጋ ዝምድና አልነበረም።

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አሉ?»

«ለጋብቻ ተጠይቄ ብሆን እነግር ነበር፤ ለዚህ መሐላው አይከለክለኝም። ግን ማን ጠየቀኝ ልጄ?» አሉት።

በማግስቱ የፈተና ክፍል ውስጥ ሲዘዋወር ዋለ። ተማሪ ቢኮርጅ አያይም ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«ጎረቤት» አለችው።

ድምጿን ሲሰማ ተቀመጠ። ሌላ ፕሪንተር እንደገዛች፣ ወረቀት ሳይኖር ተቀርቅሯል እያለ እንዳስቸገራት፣ እዚያ ያሉት ሁሉ አዲስ ግዢ እንዳሏት ነገረችው። ከሶኬቱ ነቅለሽዋል ወይ ብሎ ጠየቃት። የኋላው ክዳን ወርዷል? ጎማዎቹ ተጠርገዋል? ምላሷ ስትነኪያት ትመለሳለች? እያንዳንዱን በትዕግሥት መለሰችለት።

«ዛሬስ መጠየቅ አልሰነፍህም» አለችው። ልትቀልድ ነበር፤ ድምጿ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

እሱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«እማሆይን አገኘሃቸው አሉ» አለች።

«አገኘኋቸው።»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ከሠርጌ በኋላ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ልታደርገው?» አለች። «ባለቤቴ ሸጋ ሰው ነው፤ ምንም አልበደለኝም። አንተንም እንዳይቆጭህ ብዬ ተውሁት።»

ይቅር በይኝ አላት። ክዳኑን ስትገጥም፣ ማሽኑን ስትሰካው ይሰማዋል። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ከዚያ ወረቀት ሲስብ የሚያሰማው ያ የሚያውቀው ድምፅ በስልኩ ውስጥ መጣ።

«ሠራ» አለች።

«ከምላሷ ሥር ምን አገኘሽ?»

«ምንም» አለችው። «እንደ ዝምድናችን፣ ምንም አልነበረም ሙሉሰው።»

ስልኩን አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋውም። ወረቀቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ሲያዳምጡ ቆዩ።