ነዳጅ ጨርሶ የቆመው ሞተር

እኔን የጠየቀኝ የለም። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታውቃለች ብለው ነው። ግሩም ሞቶ ሲገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ቃሉን ሰጠ፤ እኔን ሸዋረጋን አልፈውኝ ሄዱ። ይባስ ብለው ልጄን አምሃን ጠረጠሩት።

ግሩምና እንዳሻው የሕንጻ ግድግዳና የምግብ ቤት በረንዳ በግፊት ውሃ የሚያጥብ ድርጅት ነበራቸው። አምሃ ተቀጣሪያቸው ነው። ዝናብ ሲገባ ሥራው ስለሚቀዘቅዝ ማሽኖቹን አሰናድተው እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ በተከራዩት ጋራዥ ያስቀምጧቸዋል። በዚያ ሰሞን ግሩም የሚስቱ የፀዳለ ቅናት አማሮት እዚያው ሶፋ ላይ ያድር ነበር። ጠዋት ፀዳለ የተዘጋውን በር ስትከፍት ሞቶ አገኘችው። ትልቁ ማሽን ነዳጁን ጨርሶ ቆሟል፤ የገደለው ጭሱ ነው።

«ሞተሩን ያስነሳበት አምሃ ነው!» ብላ ፀዳለ ለቅሶውን አናወጠችው። «ለክረምቱ ሥራ የለህም ስላለው ተጣልተዋል። ቁልፍም አለው!»

ቁልፉስ እሷም እንዳሻውም ዘንድ አለ።

መርማሪዋ ኤልያና እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ እኔን የምታህል ሴት «አንቺ» ትላለች። ሰው ሁሉ አፏን ሲያይ ቀናሁ፣ ምን ይደበቃል! ዓይኗ ግን ምንም አያመልጠውም።

ለቅሶው ቤት እንዳሻውን በጥያቄ ያዘችው።

«ጋራዡ የገባኸው መቼ ነው?»

«የዛሬ ሳምንት። ማሽኖቹን ፓርክ አድርጌ ወጣሁ።»

«ከግሩም ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

«ወንድሜ እኮ ነው።»

«የድርጅታችሁ መኪና ላይ የተጻፈው ግን የወንድምህ ስም ብቻ ነው» አልኩ ከጎን።

ፊቱ ጠቆረ። «አብረን ነው የጀመርነው፣ እትዬ። ሰው ግን የግሩም ሠራተኛ ነህ ወይ ይለኛል።»

በማግስቱ ኤልያና ሁላችንንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበችን። ከትልቁ ማሽን ፓምፕ ላይ ቱቦውን ፈታች። ሮዝ ፈሳሽ ሲሚንቶው ላይ ተንጠባጠበ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፓምፑ በብርድ እንዳይሰነጠቅ ነው» አለ አምሃ። «እንዳሻው ሚኒሶታ ሲኖር የለመደው ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማን በረዶ አይቶ! ግሩም ይስቅበት ነበር።»

«ሌላ የሚያደርገው አለ?»

«ማንም የለም» አለች ፀዳለ።

«የዛሬ ሳምንት የጨመርኩት ነዋ!» አለ እንዳሻው ፈጠን ብሎ።

ኤልያና ራሷን ነቀነቀች። «ሞተሩ ሲዞር ፓምፑም ይዞራል። ያኔ ጨምረኸው ቢሆን ኖሮ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ተፍቶ ይጨርሰው ነበር። ሶ፣ ይሄ የገባው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው። ሬሳው ከተገኘ ወዲህ ጋራዡ በፖሊስ ተዘግቶ ስለቆየ የገባው በዚያው ሌሊት ነው። ያኔ ግሩም ሞቷል። አምሃ ቢሆን ስለ ፓምፕ ምን ጨነቀው? አንተ ግን ተመልሰህ መጣህ። ሬሳውን አልፈህ ማሽኑን ተንከባከብክ። ከእንግዲህ ያንተ ብቻ ነው ብለህ።»

እንዳሻው ማሽኑን በእጁ ዳበሰ።

«ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ?» አለ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ፀዳለ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ጉልበቴን ልቀቂ!» አልኳት። «ልጄን ገዳይ ያልሽው ሹክ ብለሽ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ እየጮኽሽ ነው። አሁን ነጠላሽን አጣፊና ከአምሃ ጋር ሰዋችን በሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ሁሉ ዙሪ። በዚያው ድምፅሽ ስሙን መልሺለት!»