ግራ ክንዴን የያዘኝ

ስለ ጅን ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ወላሂ፣ ይህንንም የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ ሳይሆን በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

ጣሊያን በሸዋ ሮቢት በኩል መንገድ በሚሠራበት ዘመን፣ ባሌ ሰይድ ለአርበኞች እህል ጭኖ ወደ አንኮበር ከወጣ ቆይቷል፣ ወሬው ጠፍቷል፣ ልጅ የለን፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ትንፋሽ የለም። ወባ ያዘኝና በኪኒን ተሻለኝ፣ ማዞሩ ግን አልለቀቀኝም። በተኛሁበት ወደ ግራ ስገላበጥ ጣሪያው ይዞራል፣ ማሽላው ላይ ወፍ ለማባረር ቀና ስል መሬቱ ይከዳኛል፣ ጆሮዬም ሲጮህ ይውላል። አንድ ቀን ከሮቢ ወንዝ ውሃ ቀድቼ ቀና ስል ከነእንስራዬ ወደቅሁ። እመኑኝ፣ ያስደነገጠኝ መውደቁ አይደለም፣ እዚያው ብቀር ማን ይፈልገኛል የሚለው ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ፣ «የጣሊያኖቹ ሐኪም የመጣውን ሁሉ ያያል አሉ፣ ሂጂ» አሉኝ።

«የሰይድን ነገር ቢጠይቁኝስ?»

«አንቺስ ስለ እሱ ምን ታውቂያለሽ?»

እውነታቸውን ነበር፣ ሄድኩ።

ከቀትር በኋላ ነው፣ ሙቀቱ የሐኪሙን ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ያንጣጣዋል። ሐኪሙ ሽበታም ሰው ነው፣ አስተርጓሚው ከአስመራ የመጣ ጎልማሳ፣ በር ላይ ቆሞ ያስተረጉማል። ቤቱ ነው የሚዞርብሽ ወይስ ዓይንሽ ነው የሚጨልመው፣ ስትነሺ ነው ወይስ አንገትሽን ስታዞሪ፣ በደንብ ትበያለሽ ወይ፣ ኪኒኑን ምን ያህል ዋጥሽ አለኝ። ሐኪሙ ጆሮዬን አየ፣ አስተኝቶ ጭንቅላቴን ወደ ግራ ሲያዞረው ሁሉ ነገር ተሽከረከረብኝ፣ እሱ ዓይኔን ትክ ብሎ ያያል። «ችግሩ ከጆሮሽ ውስጥ ነው፣ ኪኒኑም ሳያባብሰው አልቀረም» አለ።

ከዚያ እግሬን ገጥሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆም አዘዘኝ። እንደ ልማዴ ወደ ግራ ማዘንበል ስጀምር አንድ ሰው ግራ ክንዴን ያዘኝ፣ መዳፉ ሰፊና ደረቅ ነው፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አስተርጓሚው መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው፣ «እህቴ፣ ሰውየው ይልቀቃት ነው የሚሉት፣ ብቻሽን ነው መቆም ያለብሽ» አለኝ። ድምፁ የመጣው ከበሩ ነው።

«የትኛው ሰውዬ?»

መዳፉ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት ለቀቀኝ፣ ወደ ግራዬም ወደቅሁ።

ሲያነሱኝ ሐኪሙ ፊቱ ተለዋውጧል፣ ወጥቶ ግቢውን ዞሮ አየ፣ ተመልሶም ማን ይዞሽ መጣ አለኝ። ብቻዬን ነው የመጣሁት አልኩ። አስተርጓሚው ወደ በሩ ሲሸኘኝ፣ «እኔ ማንንም አላየሁም፣ እሳቸው ያሉትን ነው የነገርኩሽ» አለኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

ሐኪሙ ኪኒኑን ተዪ፣ ስትነሺ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ቀስ ብለሽ ዙሪ ብሎኝ ነበር፣ እንዳለኝ አደረግሁ፣ ማዞሩም እየቀነሰ ጠፋ። ሰይድ አልተመለሰም፣ ሞተ ያለኝም ሰው የለም።

አንዳንዴ ቤቴ ውስጥ እግሬን ገጥሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ። ድኛለሁና አላዘነብልም፣ የሚይዘኝም የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጣሪያው ድንገት ዞረብኝና ምሰሶውን በሁለት እጄ ጥምጥም ብዬ ያዝኩት። የፈራሁት መውደቁን ይሁን በዚያ መዳፍ መያዙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።