ከሄሰን ሳይወጡ

የወላጆቿ ቪዛ መውጣቱን ቤቴል የሰማችው በፈረንጆች 2012 ግንቦት ወር፣ ፍራንክፈርት ኒደርራድ ሰፈር በምትሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ነበር። በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ እናቷ ወይዘሮ አዳነች ከሆሳዕና ደውለው ነገሯት። ስድስት ዓመት አልተያዩም። ስልኩን እንደዘጋች ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አወለቀችና ምንጣፉ ላይ እንደ ልጅ ዘለለች።

ብቻዋን የቀረች መስሏት ነበር። ዞር ስትል ሰማያዊ የጽዳት ልብስ የለበሰ ረጅም ወጣት የቆሻሻ ቅርጫት እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት በአማርኛ። «ምን እንደሆነ ባላውቅም።»

አፈረች፤ ከዚያ ሳቀች። «እናትና አባቴ ሊመጡ ነው» አለችው፣ ስሙን እንኳ ለማታውቀው ሰው።

ስሙ ጉዲና ነበር። ከዚያን ቀን በፊት ጠረጴዛዋን ለአምስት ወር ሲያጸዳ አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም፤ እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል።

አባቷ አቶ ኃይለ መስቀል ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአውሮፓን ወንዞችና ከተሞች ሳያዩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። አሁን በአሥር ቀን ውስጥ በርሊንን፣ ሐምቡርግን፣ ሙኒክን፣ የራይንን ወንዝና ጥቁር ጫካን ማየት ይፈልጋሉ። ቤቴል ካርታውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ሰኞን ለበርሊን፣ ማክሰኞን ለሐምቡርግ፣ ረቡዕን ለሙኒክ ሰጠች። በማግስቱ ጉዲና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወረቀቱን አየው።

«እናትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ጉልበታቸውስ?»

«ያማታል።»

«እንግዲያው ይህ ጉብኝት አይደለም፤ ስደት ነው።»

አገር ቤት ሳለ የባሌን ተራሮች ለማየት የሚመጡ ፈረንጆችን ይመራ ነበር። «ሕጋችን አንድ ነበር» አላት። «ከከተማ በኋላ ገጠር። ዓይንም እንደ እግር ይደክማል።» እርሳሷን አንሥቶ ሐምቡርግን ሰረዘና ከበርሊን ቀጥሎ ጀልባ በዛፎች ሥር የሚሄድበትን ሽፕሬቫልድን ጻፈ። ከሙኒክ ቀጥሎ ደግሞ ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት መንደር።

እንዲህ ተጀመረ። ጉዲና ሥራውን ሲጨርስ ቤቴል ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት ትጠብቀዋለች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የሰኔ ቀን ረጅም ነው። እሱ የማይጠይቀው ነገር የለም። የትኛው ጣቢያ አሳንሰር አለው? እናቷ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይወዳሉ ወይስ በሩ አጠገብ? አባቷ ያለ ሚጥሚጣ የሚበሉት ምግብ አለ? ቤቴል መልሱን ለማግኘት በየቀኑ ሆሳዕና ትደውላለች፤ እናቷም «ደግሞ ዛሬ ምን ጠየቀ?» እያሉ መጠበቅ ለመዱ።

አንድ ቀን ጣቱ ከበርሊን ተነሥቶ ወደ ሽፕሬቫልድ ሲወርድ የእሷ ጣት እዚያው ነበር። ሁለቱም እጃቸውን አላነሡም። ባቡር መጣ፤ ሄደ። ሌላም መጣ።

«አብረኸን ና» አለችው ቀስ ብላ። «ሊያዩህ ይፈልጋሉ። እኔም እፈልጋለሁ።»

ጉዲና እጁን ሳበ። ካርታውን ማጠፍ ጀመረ፤ አጥፎም ሳይጨርስ መልሶ ዘረጋው። «ሥራ አለብኝ።»

«ፈቃድ ጠይቅ።»

«አልችልም፣ ቤቴል።»

ቦርሳዋን ከፍታ የበርሊንን የባቡር ትኬቶች አወጣች። አራት ነበሩ። አንዱን ለብቻው ለይታ ፊቱ አኖረችው። ልታስደንቀው ከሳምንት በፊት ገዝታ ደብቃው ነበር። ጉዲና ትኬቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ወደ እሷ ገፋው።

«ለሌላ ሰው ስጪው» አላት።

ለምን እንደሆነ እስኪነግራት ጠበቀች። አልነገራትም። ቦርሳዋን አንሥታ በመጣው ባቡር ገባች፤ በየት በኩል እንደሚሄድ እንኳ አላየችም።

በማግስቱ ቢሮዋን ሊያጸዳ ሌላ ሰው መጣ። ጉዲና ፎቅ ቀይሯል። ቤቴል ሁለት ሳምንት በሐሳብ ብዙ ነገር ፈጠረች፤ ሚስት አለው አለች፤ ልጆችም ጨመረችለት። ሆሳዕና መደወል ከበዳት። እናቷ «ልጁስ?» ባሉ ቁጥር «ሥራ በዝቶበታል» ትላለች።

ቤቴል የምትሄድበት የኢትዮጵያውያን ጉባኤ እሑድ እሑድ ፌኸንሃይም ሰፈር በኪራይ አዳራሽ ይሰበሰባል። ከአምልኮ በኋላ ወንበር ሲደራርቡ እትዬ የኔነሽ ክንዷን ያዟት። እትዬ የኔነሽ አዲስ ለሚመጣ ስደተኛ ሁሉ ደብዳቤ የሚያነቡ፣ ቢሮ ለቢሮ አብረው የሚንከራተቱ ሴት ናቸው።

«ያንን ልጅ ምን አደረግሽው? ሆኽስት ሰፈር ካለው ክፍሉ ከሥራ በቀር አይወጣም አሉ።»

«እሱ ነው ያደረገኝ» አለች ቤቴል። ስለ ትኬቱ ነገረቻቸው።

እትዬ የኔነሽ የያዙትን ወንበር መልሰው ዘርግተው ተቀመጡበት። «ልጄ፣ ያለው ዱልዱንግ ነው። ጥገኝነቱን ከልክለውታል፤ ግን ወደ አገሩ አልመለሱትም። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ከሄሰን ክልል መውጣት አይችልም። ዓምና ለጓደኛው ሠርግ ማይንስ ሄዶ ፖሊስ ያዘው፤ ተቀጣ። ማይንስ እኮ እዚህ ናት፤ በኤስባን ባቡር አርባ ደቂቃ አትሞላም፤ ግን ሌላ ክልል ናት። ሁለተኛ ከተያዘ ወንጀል ነው የሚሆንበት። የመኖሪያ ተስፋውም ያኔ አበቃ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«አንቺ ቋሚ መኖሪያ አለሽ። ወረቀት ፈልጎ ተጠጋኝ ትለኛለች ብሎ ነዋ። ይህንኑ በአፉ ነግሮኛል።»

ቤቴል ከአዳራሹ ወጥታ ማይን ወንዝ ዳር ቆመች። ያንን ሁሉ ጊዜ እሱ ሊያየው የማይችለውን አገር ለእሷ ወላጆች ሲያሳምር እንደነበር አሁን ገባት። ስልኳን አውጥታ ለአባቷ ደወለች። አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ እንደምትወደውም ጭምር። ለአባቷ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም።

 «የክልሉ ስም ማን ነው ያልሽኝ?» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል።

«ሄሰን።»

«ቆይኝ።» የአትላስ ገጽ ሲገለጥ ተሰማት። «ራይን ይነካዋል።»

«አዎ አባባ።»

«የቀኙ ዳርቻ ከቪስባደን ጀምሮ ወደ ታች የሄሰን ነው። ካሰል የምትባል ከተማ አለች። ተራራ አለው፤ ጫካ አለው፤ ሐይቅም አለው። ታዲያ ምን ጎደለን?»

«በርሊንን ለማየት ጓጉተው አልነበር?»

«በርሊን ከቦታዋ አትነሣም» አሉ አባቷ። «ልጁ ግን ሊያመልጠን ይችላል።»

እናቷ ስልኩን ተቀበሉ። «ስለ ጉልበቴ የጠየቀው እሱ ነው አይደል? እኔ ያለ እሱ የትም አልሄድም።»

ሰኞ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት እንደሞላ ቤቴል ፎቅ ለፎቅ ፈልጋ ጉዲናን ሦስተኛው ፎቅ ላይ መስኮት ሲወለውል አገኘችው። አዲስ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሄሰንን ወሰን በቀይ እስክሪብቶ ዙሪያውን አድምቃዋለች፤ ጉዞው በሙሉ ከቀዩ መስመር ውስጥ ነው።

«አራሚ አጥቼ ነው» አለችው።

ጉዲና ካርታውን አየ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «ማን ነገረሽ?»

«እትዬ የኔነሽ።»

«ቤቴል፣ ወረቀት ፈልጌ እንዳይመስልሽ...»

«እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉህ መስሎኝ ነበር።»

«ሦስት?» አለ፤ ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ወደ ካርታው አጎነበሰ።  ጣቱን ካርታው ላይ አኑሮ «ቪስባደን ሁለት ቀን በዛ» አላት። «አንዱን ለኦደንቫልድ ጫካ ስጪው። ከከተማ በኋላ ገጠር።»

ወላጆቿ በነሐሴ መጡ። ጉዲና ሻንጣ ተሸከመ፤ መንገድ መራ፤ ወይዘሮ አዳነች ሳይደክማቸው በፊት ማረፊያ እያዘጋጀ ጠበቃቸው። በአምስተኛው ቀን ራይን ዳር ያለችው ሩደስሃይም ደረሱ። የወይን እርሻው ከዳገቱ እስከ ከተማዋ ጣሪያ ድረስ ወርዷል። አቶ ኃይለ መስቀል ወርደው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ቆዩ።

ወይዘሮ አዳነች ወደ ማዶ በምትሻገረው ጀልባ መሄድ አማራቸው። ማዶው ግን ሌላ ክልል ነው።

«እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አለ ጉዲና።

«እኔም እግሬን ደክሞኛል» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል፤ ምንም ሳይደክማቸው።

ቤቴል ከእናቷ ጋር ብትሻገርም ከማዶ ያለችውን ከተማ አላየችም። ዓይኗ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ወንዶች አልተነቀለም። አባቷ ያወራሉ፤ ጉዲና ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጉዲና ብዙ አወራ፤ አባቷ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጀልባዋ ስትመለስ አቶ ኃይለ መስቀል ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መውረጃው ላይ ቆመው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ «አዱ» የሚሏቸውን ሚስታቸውን በማዕረግ ጠሩ።

«ወይዘሮ አዳነች፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ወይዘሮ አዳነች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማን ልኳችሁ?»

«አቶ ጉዲና ነው። እዚህ ሽማግሌ የሚልክለት አባት የለውም፤ እኔን ላከኝ። የወረቀቱንም ነገር ጠይቄዋለሁ። ‹ወረቀት ፈልጌ ላለመሆኑ ማስረጃ የለኝም፤ ኖሬ ነው የማሳያችሁ› አለኝ። እኔም አመንኩት።»

«መልካም። እኛም እንመክርበትና ቀጠሮ እንሰጣለን» አሉ ወይዘሮ አዳነች። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጉዲና ዞሩ። «ልጄ፣ ከነገ ወዲያ የት ነን?»

«ካሰል ነን፣ እማማ።»

«እንግዲያው ካሰል ላይ ኑ።»

«እኔንስ የሚጠይቅ የለም?» አለች ቤቴል።

ጉዲና ቀረበ።  «ታገቢኛለሽ?» አላት።

«አዎ» አለችው። «ካሰል ድረስ መጠበቅ አልችልም።»

ወይዘሮ አዳነች እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ወንዙ ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የተጋቡት በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ነው። ቤቴል ግን የሠርጌ ቀን የምትለው ያንን የካሰሉን ከሰዓት በኋላ ነው። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ፣ አባቷ አንዴ እንደ ሽማግሌ፣ አንዴ እንደ ልጅቷ አባት ከተናገሩ በኋላ፣ እናቷ «ሰጥተናል» አሉና ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ ብለው እልል አሉ። በአጠገባቸው ያልፉ የነበሩ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቁም ቆመው አጨበጨቡላቸው።