አውራ ጣት የሚያክል ስርጉድ

ይህን ማንም አልነገረኝም። በገዛ ዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ድሮም ስጉ ነኝ፤ ቤተሰቤ ሁሉ ይስቅብኛል። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም...

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ኩማሲ ከተማ፣ እኛ ግቢ። የሐርማታን ነፋስ ያመጣው አቧራ ሰፈሩን ሸፍኖት ከበሩ ወዲያ ምንም አይታይም።

ልጄ አፍሪዬ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቷ የምትመለስበት ቀን ነበር። አባቷ ኦፎሱ በታክሲው ሊያደርሳት ነው። መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው፤ መኪና ቢበላሽ የሚደርስልህ ሰው የለም።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በአንድ ፊልትሮ ምክንያት።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት ጋሼ ዶንኮር ጋራዥ ዘይት ልናስቀይር ሄደን ነበር። አዲሱን የዘይት ፊልትሮ፣ ያን ዘይት የሚያጣራ ጣሳ፣ ከካርቶኑ ሲያወጣው ጎኑ ሰርጉዷል። አውራ ጣት የሚያክል ስርጉድ።

"ጋሼ ዶንኮር፣ ይሄ እኮ ተመቷል።"

"ቆርቆሮው ነው የአፍሪዬ እናት። ውስጡ ደህና ነው።"

"ውስጡን አዩት?"

"አንቺ ደግሞ። ፊልትሮ ነው እንጂ እንቁላል አይደለም።"

"መንገድ ላይ ቢሰነጠቅስ? ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ቢደርቅስ?"

ኦፎሱ ሳቀ። "ተዋት ጋሼ። እሷ ዝናብ ሲያካፋም ጎርፍ ነው የሚታያት።"

ጋሼ ዶንኮር ፊልትሮውን አሰረው። ስርጉዱን ግን ወደ ሞተሩ በኩል አዞረው። የዚያ ሰፈር መካኒኮች ልማድ ነው፤ ባለመኪናው ካላየው አይጨነቅም ይላሉ።

እኔ አይቼዋለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር... ተውኩት።

እና ያን ጠዋት፣ የአፍሪዬን ቁርስ ሳዘጋጅ ከግቢው ድምፅ መጣ።

ቋ...

ባዶ ጣሳ በጣት ተጭነው ሲለቁት የሚሰጠው ድምፅ።

ሞተሩ ከማታ ጀምሮ አልተነሳም።

ቋ...

ወጣሁ። ኦፎሱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ መኪናው አጠገብ ቆሟል።

"ሰማህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ሰማሁ።"

ኮፈኑን ከፈተው። በስልኬ መብራት አየሁ።

ስርጉዱ ወደ እኛ ዞሯል።

"ጋሼ ዶንኮር ወደዚያ አልነበር ያዞረው?" አልኩ።

ኦፎሱ ፊልትሮውን ይዞ ሊያዞረው ሞከረ። ንቅንቅ አይልም። ጥብቅ እንዳለ ነው።

"ታዲያ እንዴት ዞረ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

አውራ ጣቴን ስርጉዱ ላይ አስቀመጥኩ። ልክክ አለ። ሞተሩ በረዶ ሆኗል፤ ፊልትሮው ግን ለብ ያለ ነው። እንደ ሰው ገላ።

"ልጄ በዚህ አትሄድም።"

ኦፎሱ አልተከራከረኝም። እንዲያውም የፈራሁት ያኔ ነው።

ጋራዡን በማለዳ አስከፈትነው፤ ጋሼ ዶንኮር እያጉረመረመ ሌላ ቀየረልን። አዲሱን ዙሪያውን በጣቴ ዳበስኩት፤ ለስላሳ ነው። ስርጉድ ያለበትን በፌስታል ይዤ መጥቼ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳልጣልኩት እንጃ።

የአፍሪዬን የቆርቆሮ ሳጥን እኔው ነኝ የጫንኩት። አዲስ ነው፤ ወልውዬዋለሁ፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ልብሷን፣ ሳሙናዋን፣ በጠርሙስ የሞላሁላትን የዓሣ ዳጣ ከትቼ ቆለፍኩት።

ሄዱ።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ፊልትሮውን አነሳሁት። አዞርኩት። ደግሜ አዞርኩት...

ስርጉዱ የለም።

ወዲያው ስልኬ ጠራ።

"እማ..." አፍሪዬ ናት። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"የት ናችሁ?"

"ጫካው ውስጥ ቆመናል። ኮፈኑ ውስጥ የሆነ ነገር ያንኳኳል። አባ ከፍቶ አየው።"

"ምን አገኘ?"

"አዲሱ ፊልትሮ ሰርጉዷል።"

በእጄ የያዝኩትን ፊልትሮ ወደ መስኮቱ መለስኩት።

"ሞተሩን እንዳያስነሳ በይው።"

"አያስነሳም። መኪናውን ርቆ ነው የቆመው... እማ፣ አባ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ነው። አላቆመም።"

እግዚአብሔር ይስጠው፣ አንድ አውቶቡስ ቆሞ እሷንና ሳጥኗን ጫነ። ኦፎሱ ጎታች መኪና ሊጠብቅ እዚያው ቀረ። እኔ ስልኩን ታቅፌ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መኪና ወጥታለች፤ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደወለች።

"ደርሻለሁ እማ። አልጋዬ ላይ ነኝ።"

ቀኑን ሙሉ የያዝኩት ትንፋሽ ወጣ። ዓይኔ በድካም ሊከደን ምንም አልቀረው።

"እማ፣ ሳጥኔን ስትጭኚ ጥለሽው ነበር እንዴ?"

"አልጣልኩትም። ለምን?"

"ክዳኑ ላይ ስርጉድ አለ። አውራ ጣት የሚያክል።"

ከወለሉ ብድግ አልኩ።

"ወደ ውስጥ ነው የገባው?"

ጣቷ ቆርቆሮው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

"አይ... ወደ ውጭ ነው። ከውስጥ በጣት እንደተገፋ።"

ከዚያ ከድምፅዋ ወዲያ፣ ለስልኩ በጣም ቅርብ...

ቋ።