የመምህሩ ፍሬን

መምህር ባንተአምላክ ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ መንገድ ዳር ያለ የስንዴ ማሳ ውስጥ ተደፍተው ተገኙ። ነፍስ አልነበራቸውም። አሮጌዋ ሞተራቸው አጠገባቸው ወድቃለች፤ የፊት ፍሬኗ እጀታ ለሁለት ተሰብሯል። የኋላው ፍሬን እንደሆነ ድሮም ለስሙ ነበር።

ኢንስፔክተር ራኬብ ስትደርስ ገዳዩ ቆሞ ይጠብቃታል። ገዳይ ነኝ ያለው ራሱ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን!

«እጀታውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለ ጉርሙ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። እሰሩኝ።»

ጉርሙ ከገበያ የጠፋ የድሮ ሞተር ዕቃ፣ አሉሚኒየም አቅልጦ በአሸዋ ቅርጽ እያፈሰሰ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ከሮቤና ከዲክሲስ ድረስ ይመጡለታል። የሚኒባስ ታሪፍ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው፤ አላለቀሰ፣ አልፈራ። ራኬብ የተሰበረውን እጀታ ብታሳየው ፊቱን አዞረ። እሷም ብትሆን ብዙ ሬሳ አይታ ልቧ ደንዝዟል፤ ይህ ነገር ግን ከነከናት።

መጀመሪያ ወደ ሟች ሚስት ሄደች።

«ወይዘሮ አሰፋሽ፣ እጀታውን ማን አመጣላችሁ?»

«የጉርሙ ታናሽ ወንድም፣ ሚልኬሳ። ጉርሙ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሮቤ ሲሄድ ‹አልቋል፣ ሚልኬሳ ያደርስልዎታል› ብሎ ደውሎ ነበር። ሚልኬሳ ግን ዛሬ ነገ እያለ ሳምንት አቆየን። መምህሩ ደግሞ ትዕግሥት የላቸውም።»

«የላቸውም» ነው ያሉት። ባላቸው ገና በሕይወት ያሉ ይመስል።

እጀታውን ለመምህሩ የገጠመው ሜካኒክ እንደሻው ገና ሳይጠየቅ ማለ።

«የገጠምኩት እዚሁ ግቢ፣ ባልና ሚስቱ እያዩኝ ነው! ከእጄ አልወጣም። ብቻ የብሎኑ ቀዳዳ ጠቦኝ በመከራ አሰፋሁት። የጉርሙ ዕቃ እንዲህ አስቸግሮኝ አያውቅም።»

በማግስቱ ራኬብ ሁሉንም ጉርሙ ማቅለጫ ቤት ሰበሰበቻቸው። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጉርሙ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል፤ ሚልኬሳ በሩ ጋ ቆሟል። ራኬብ ከሞተሯ ግራ የተፈታውን፣ ጉርሙ ቀድሞ የሠራውን የፍሪሲዮን እጀታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የተሰበረውን ገጣጥማ አጠገቡ ዘረጋችው።

«ሁለቱም አሸዋ ላይ ከሚታተም አንድ የእንጨት ፎርማ ወጡ ነው የተባለው። እዩት እስቲ።»

የተሰበረው በጥፍር ውፍረት ያህል አጥሯል።

«የቀለጠ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል» አለች። «ጋሽ ጉርሙ ይህን ስለሚያውቁ ፎርማቸውን ከልኩ ጥቂት ያስረዝሙታል። ይኼኛውን የሠራው ሰው ግን ያለቀውን የጋሽ ጉርሙን እጀታ ራሱን አሸዋ ላይ አትሞ አፈሰሰበት። ስለዚህ አጠረ። ቀዳዳውም የጠበበው ለዚሁ ነው።»

«ይኼ በምን ይታወቃል?» አለ ሚልኬሳ።

«በሞረዱ ጭረት። ጋሽ ጉርሙ ዕቃውን የሚሞርዱት ከፈሰሰ በኋላ ነው። የግራውን ዳስሰው፣ ጭረቱ ስል ነው። የተሰበረውም ጭረት አለው፤ ግን ድንዝ ነው፣ አብሮ የፈሰሰ። ስብራቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ የተሰበረውም በዚህ ነው። ያን ሳምንት ጋሽ ጉርሙ ሮቤ ነበሩ። እንደሻው በሰው ፊት ነው የገጠመው። ያለቀውን እጀታ ሳምንት ሙሉ ይዞ፣ የዚህ ቤት ቁልፍም በእጁ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሚልኬሳ በሩን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሞተሩ ቆማበት ለመነኝ። ዋናውን አሸዋ ላይ አትሜ ሰጠሁት። ምትኩን እኔው አፈሰስኩ… ያው መስሎኝ! ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ያው መስሎኝ እኮ ነው!»

ማንም አልጮኸበትም። ራኬብ ወደ ጉርሙ ዞረች።

«እርስዎ ማሳው ውስጥ ገና እንዳዩት የእጅዎ ሥራ እንዳልሆነ አውቀዋል። ሲለኩ የሚውሉ ሰው፣ የሰው ነፍስ ያጠፋውን ዕቃ አንዴ እንኳ ‹ላገላብጠው› አላሉም። ፊትዎን ያዞሩት እኔም እንዳላየው ነው።»

ጉርሙ ቀና አለ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ታስሬልሽ ነበር። ምን ጎደለሽ?»

ራኬብ ለአንዱ ፖሊስ በዓይኗ ምልክት ሰጠች። ፖሊሱ ሚልኬሳን ክንዱን ይዞ አስነሳው። ያን ጊዜ ወይዘሮ አሰፋሽ ጥግ ከቆሙበት ወደ ጉርሙ ጠጋ አሉ።

«ዕድሜ ልኬን በእርስዎ ላይ ቂም ይዤ ልኖር ነበር፣ ጋሽ ጉርሙ። ያለ ጥፋትዎ።»

ጉርሙ ወንድሙ ሲወጣ አየ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደርቆ የነበረው ዓይኑ ያኔ እንባ ሞላ።

«ቂሙን ይያዙብኝ» አለ። «በእኔ ይያዙት። እሱን ይተዉልኝ።»